ከልብ ተነሥተው ወደ ልብ የሚመልሱ፦ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒቶች ታሪክና ንጽጽር

መግቢያ

ማርች 27 ቀን 1998 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲልደናፊል የተባለው መድኃኒት፣ በንግድ ስሙ ቫያግራ፣ ለስንፈተ ወሲብ ሕክምና እንዲውል ፈቀደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ቀን በፊት ለዚህ ችግር በአፍ የሚወሰድና በበቂ ጥናት የተደገፈ መድኃኒት አልነበረም ማለት ይቻላል። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ግን ሦስት ክኒኖች በገበያ ላይ ተሰለፉ፤ በ2012 ደግሞ አራተኛው ተጨመረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሐኪም ክፍልም ሆነ በመድኃኒት ቤት መስኮት ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ ሲመረመር ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ መኖሩን ያሳያል። የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው ለልብ ሕመም መፍትሔ ሲፈለግ ነው፤ የመድኃኒቶቹ ከባድ አደጋም የሚደርሰው ከልብ መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ነው፤ ለሕክምናው ምክንያት የሆነው ችግር ራሱም ብዙ ጊዜ የልብ ሕመም ቀዳሚ ምልክት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የመድኃኒቶቹን ንጽጽር ከታሪካቸው ለይቶ ማቅረብ ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል።

ከክኒኑ በፊት የነበረው ዘመን

የስንፈተ ወሲብን ምክንያት ለማወቅ የተደረገው ጥረት ረጅም ዕድሜ አለው። በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት ጥንታዊ የግሪክ ጽሑፎች አንዱ እስኩቴስ በተባሉት ሕዝቦች መካከል ችግሩ የበዛው ሁልጊዜ በፈረስ ላይ በመሆናቸው ነው ሲል ያስረዳ ነበር። በዘመናዊው ሕክምና ደግሞ ታዋቂው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሻርል ኤድዋርድ ብራውን-ሴካርድ በ1889፣ በ72 ዓመታቸው፣ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሳቸውን ወግተው ጉልበታቸው እንደታደሰ ለፓሪስ የሥነ ሕይወት ማኅበር አስታወቁ። ዜናው በአጭር ጊዜ ውስጥ በአውሮፓና በአሜሪካ ተሰራጨ። በኋላ እንደታወቀው በውኃ የተዘጋጀው ያ ፈሳሽ ይህ ነው የሚባል ሆርሞን አልነበረበትም፤ የታየው ለውጥ ከተስፋ የመነጨ ነበር። በ1920ዎቹ ዓመታት ሰርዥ ቮሮኖፍ የተባሉት የቀዶ ሕክምና ሐኪም የዝንጀሮ የዘር ፍሬ ቁራጭ በሰው ላይ በመትከል ገናና ስም አተረፉ፤ ይህም በጊዜው ከንቱ ሆኖ ቀረ።

ቴስቶስተሮን በ1935 ተለይቶ ሲታወቅና በቤተ ሙከራ ሲሠራ ነገሩ በሳይንሳዊ መሠረት ላይ ቆመ። ነገር ግን ሆርሞኑ የሚጠቅመው እጥረቱ ላለባቸው ሰዎች መሆኑና እነርሱም ከጠቅላላው ታካሚ ጥቂቶቹ መሆናቸው ግልጽ እየሆነ ሄደ። ለቀሩት ብዙኃን የተሰጠው መልስ «ችግሩ ከአእምሮ ነው» የሚል ነበር። ይህ አስተያየት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የበላይነት ይዞ ቆይቷል። የስኳር ሕመምተኛውም፣ የደም ግፊት ያለበትም፣ ትንባሆ ሲያጨስ የኖረውም ሰው ጭንቀትህን ተው ተብሎ ይሰናበት ነበር።

ይህን አስተያየት የሰበሩት በዋነኛነት የቀዶ ሕክምናና የፊዚዮሎጂ ባለሙያዎች ናቸው። በ1973 ብራንትሊ ስኮትና ባልደረቦቻቸው በሂውስተን ከተማ በፈሳሽ የሚሞላ ሰው ሠራሽ የብልት ተከላን አስተዋወቁ። በ1982 በፓሪስ ሮናልድ ቪራግ ፓፓቨሪን የተባለውን የደም ሥር አስፊ መድኃኒት በቀጥታ ወደ ብልት በመርፌ በመስጠት ብልት እንደሚቆም አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጃይልስ ብሪንድሊ በላስ ቬጋስ በተካሄደ የሽንት መሥመር ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ከንግግራቸው በፊት ራሳቸውን በመርፌ ወግተው ውጤቱን በመድረክ ላይ ለታዳሚው አሳዩ። ድርጊቱ ብዙዎችን ቢያስደነግጥም መልእክቱ የማያሻማ ነበር። በጉባኤ መካከል፣ ምንም ዓይነት የወሲብ ስሜት በሌለበት፣ የደም ሥርና የለስላሳ ጡንቻ መላላት ብቻውን ብልትን ሊያቆም ይችላል። ይህ ከሆነ ደግሞ ጡንቻው መላላት ሲያቅተው ችግሩ የአካል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመርፌ ሕክምናው ተስፋፋ። አልፕሮስታዲል የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ በ1995 በመርፌ፣ በ1996 ደግሞ በሽንት ቧንቧ በሚገባ ቅንጣት መልክ ተፈቀደ። ሁለቱም ዛሬም ክኒን ለማይጠቅማቸው ሰዎች አማራጭ ናቸው። ይሁንና በየጊዜው ብልትን በመርፌ መውጋት ለብዙዎች የሚከብድ ስለሆነ ሕክምናውን ጀምረው የሚያቋርጡት ብዙ ነበሩ።

የስም ለውጥ

በዚሁ ጊዜ ሌላ ጸጥ ያለ ለውጥ ተደረገ። በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ «አቅመ ቢስነት» የሚል ትርጉም ያለው የቀድሞው የእንግሊዝኛ ስያሜ ቀርቶ «የብልት መቆም እክል» በሚል እንዲተካ መከረ። ምክንያቱም የቀድሞው ቃል ሕመሙን ሳይሆን ሰውየውን የሚነቅፍ ነበር። ጉባኤው ችግሩን ለአጥጋቢ ግንኙነት የሚበቃ የብልት መቆም ማግኘት ወይም ማቆየት አለመቻል ሲል ተረጐመው።

ይህ ነጥብ ለአማርኛ ተናጋሪ የጤና ባለሙያም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። «ስንፈት» የሚለው ቃል በግእዝ ሥሩ ድካምን ያመለክታል፤ በዕለታዊው አማርኛ ግን ከ«ሰነፍ» ጋር ተያይዞ የወቀሳ ድምፅ አለው። ራሱን እንደ ሰነፍ የሚቆጥር ታካሚ ደግሞ ችግሩን ለሐኪም ከመናገር ይልቅ መድኃኒቱን በስውር መግዛትን ይመርጣል። ስያሜው በአንድ ቀን የሚለወጥ ባይሆንም ባለሙያው ከታካሚው ጋር ሲነጋገር ነገሩን የሰውነት እክል አድርጎ ማስረዳቱ የሕክምናው መጀመሪያ ነው።

በ1994 የታተመው የማሳቹሴትስ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 ዓመት ከሆኑ ወንዶች መካከል 52 በመቶ የሚሆኑት በተለያየ መጠን ይህ እክል እንዳለባቸው አሳየ። በ1997 ደግሞ 15 ጥያቄዎች ያሉት ዓለም አቀፍ መለኪያ ተዘጋጀ። ለመድኃኒቶች ንጽጽር መሠረት የሆነው ይኸው መለኪያ ነው።

ከናይትሪክ ኦክሳይድ እስከ ሲልደናፊል

የክኒኑ ሳይንሳዊ መሠረት የተጣለው ስለ ወሲብ በማያስቡ ተመራማሪዎች ነው። በ1977 ፈሪድ ሙራድ ናይትሮግሊሰሪን የደም ሥርን የሚያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድ በመልቀቅ እንደሆነ አመለከቱ። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ጡንቻውን የሚያላላ አንድ ነገር እንደሚያመነጭ አገኙ፤ በ1986ና በ1987 ያ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ በፈርችጎት፣ በሉዊስ ኢግናሮና በሳልቫዶር ሞንካዳ ሥራዎች ታወቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢግናሮና ሌሎች ተመራማሪዎች በብልት ውስጥም የሚሠራው ይኸው ጋዝ መሆኑን አረጋገጡ። ሙራድ፣ ፈርችጎትና ኢግናሮ በ1998፣ ቫያግራ በወጣበት ዓመት፣ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሽልማቱ መሥራች አልፍሬድ ኖቤል ራሳቸው በሕይወታቸው መጨረሻ ለልባቸው ናይትሮግሊሰሪን ታዝዞላቸው ነበር።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የወሲብ ስሜት ሲቀሰቀስ ከነርቭ ጫፎችና ከደም ሥር ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቃል። እርሱም ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የተባለውን የሕዋስ መልእክተኛ ያበዛል፤ መልእክተኛው ለስላሳ ጡንቻዎችን ያላላል፤ ደም ይገባል፤ ብልት ይቆማል። ፎስፎዳይኤስተሬዝ 5 የተባለው ኤንዛይም ደግሞ መልእክተኛውን እያፈረሰ ነገሩን ወደ ነበረበት ይመልሳል። አራቱም ክኒኖች የሚያግዱት ይህን አፍራሽ ኤንዛይም ነው። በመሆኑም ስሜት ካልተቀሰቀሰ የሚጠበቅ መልእክተኛ ስለማይኖር ክኒኑ ብቻውን የሚሠራው ነገር የለም።

ዩኬ-92480 የተባለው ውሁድ በ1989 በእንግሊዝ አገር ሳንድዊች በተባለች ከተማ በፋይዘር ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ግን የታሰበው ለደም ግፊትና ለልብ የደም ሥር ጥበት ነበር። ውጤቱ አላስደሰተም። በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ በመሆኑ በቀን ሦስት ጊዜ መሰጠት ነበረበት፤ ከናይትሬት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድም የደም ግፊትን ከልክ በላይ የሚያወርድ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድኃኒቱን ለተከታታይ ቀናት የወሰዱ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ከጡንቻ ሕመምና ከራስ ምታት ጋር የብልት መቆምንም እንደ ጎንዮሽ ውጤት ተናገሩ። የሙከራዎቹ መሪ ኢየን ኦስተርሎና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት ከቁም ነገር ቈጠሩት። በ12 ታካሚዎች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ጥናት ውጤት በ1996 ታተመ። በሜይ 1998 የታተመው ትልቁ ጥናት ደግሞ ሲልደናፊል የወሰዱት ሰዎች ካደረጉት የግንኙነት ሙከራ 69 በመቶው ሲሳካ፣ የማስመሰያ ክኒን በወሰዱት ዘንድ የተሳካው 22 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ።

ተወዳዳሪዎቹ

ታዳላፊልም የተጀመረው በልብና በደም ሥር ሕክምና ሐሳብ ነበር። ግላክሶና አይኮስ የተባሉት ኩባንያዎች በ1991 በጋራ ጀምረውት ግላክሶ በ1996 ተለየ፤ አይኮስ ከኢላይ ሊሊ ጋር ሥራውን ቀጥሎ መድኃኒቱ በአውሮፓ በ2002፣ በአሜሪካ በ2003 ሲያሊስ በሚል ስም ተፈቀደ። የባየር ኩባንያ ቫርደናፊል፣ በንግድ ስሙ ሌቪትራ፣ በ2003 በሁለቱም አህጉራት ፈቃድ አገኘ። አቫናፊል በአሜሪካ የተፈቀደው በ2012 ነው።

በኩባንያዎቹ መካከል የነበረው ፉክክር በፍርድ ቤትም የተካሄደ ነበር። በ2000 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኤንዛይሙን በማገድ ስንፈተ ወሲብን ማከም የአንድ ኩባንያ ብቸኛ መብት ሊሆን አይችልም በማለት የፋይዘርን የአጠቃቀም ባለቤትነት መብት ሻረ። ፉክክሩ በጥናቶችም ታየ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ በርካታ «የታካሚ ምርጫ» ጥናቶች በአምራቾቹ ገንዘብ የተካሄዱ ነበሩ። በአንዳንዶቹም ታዳላፊል በከፍተኛ መጠኑ በ20 ሚሊግራም ሲሰጥ፣ ሲልደናፊል በመካከለኛው መጠን በ50 ሚሊግራም ቀርቦ ነበር። እንዲህ ካለው ሚዛን የሚወጣው ፍርድ ምን እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም።

ንጽጽሩ በትክክል ሲታይ

በ2009 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ጥናቶችን ካስመረመረ በኋላ አንዱ ከሌላው በፈዋሽነት ይበልጣል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ ተገንዝቦ፣ ምርጫው በታካሚው ፍላጎት፣ በአጠቃቀም ቀላልነት፣ በዋጋና በጎንዮሽ ጉዳት ላይ እንዲመሠረት መከረ። ልዩነታቸው እንግዲህ በኃይል ሳይሆን በጊዜና በጠባይ ነው።

ሲልደናፊል ከግንኙነት አንድ ሰዓት ያህል በፊት ይወሰዳል፤ የተለመደው መነሻ 50 ሚሊግራም ሲሆን ከ25 እስከ 100 ሊስተካከል ይችላል። የግማሽ ዕድሜው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ሥራውን ያዘገየዋል። በዓይን ውስጥ ያለውን ተቀራራቢ ኤንዛይም በመጠኑ ስለሚነካ አንዳንዶች ነገሮች ሰማያዊ ሆነው ይታዩአቸዋል።

ቫርደናፊል በጊዜው ከሲልደናፊል ጋር ተመሳሳይ ነው፤ መነሻው 10 ሚሊግራም ነው። የልብን የኤሌክትሪክ ምት ዑደት በጥቂቱ ሊያረዝም ስለሚችል የምት መዛባት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ጥንቃቄ ያሻዋል።

ታዳላፊል የተለየ ነው። የግማሽ ዕድሜው 17.5 ሰዓት በመሆኑ ውጤቱ እስከ 36 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ምግብም አይነካውም። በዕለታዊ አነስተኛ መጠን፣ ማለትም 2.5 ወይም 5 ሚሊግራም፣ እንዲወሰድ በአሜሪካ በ2008 ተፈቅዷል፤ በ2011 ደግሞ ለፕሮስቴት ዕባጭ ምልክቶች ተፈቀደ። በአንጻሩ የወገብና የጡንቻ ሕመም በእርሱ ይበዛል፤ አደጋ ቢደርስም ከሰውነት ለመውጣት ብዙ ጊዜ ይወስዳል። አቫናፊል ፈጥኖ በመሥራቱ፣ ለአንዳንዶች በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ ይታወቃል።

ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ የአፍንጫ መታፈንና ቃር ለሁሉም የጋራ ናቸው። ከአራት ሰዓት በላይ የማይላላ የብልት መቆም፣ ድንገተኛ የዓይን ወይም የጆሮ መታወር ሲያጋጥም አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል። በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚገኘው ውጤት ዝቅ ያለ ቢሆንም ከንቱ አይደለም፤ በ1999 በታተመ ጥናት ሲልደናፊል ከወሰዱት 56 በመቶ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 10 በመቶ መሻሻልን ተናግረዋል። አንድ ጊዜ ወስዶ «አልሠራልኝም» ያለ ሰው ሌላ ዓይነት ከመቀየሩ በፊት በባዶ ሆድ መውሰዱ፣ በቂ ጊዜ መጠበቁና ስሜት መኖሩ ተጠይቆ ደጋግሞ እንዲሞክር መመከር ይኖርበታል።

ከናይትሬት ጋር ሲገናኙ

የአደጋው ምንጭ በአሠራሩ ውስጥ ያለ ነው። ናይትሬት መልእክተኛውን ያበዛል፤ ክኒኑ እንዳይፈርስ ይከለክላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ሲልደናፊል በተፈቀደ በስምንት ወራት ገደማ ውስጥ የአሜሪካ የመድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱ ታዝዞላቸው የሞቱ 130 ሰዎችን መዝግቦ ነበር፤ ከእነዚህ 16ቱ ናይትሬት ወስደው ወይም ተሰጥቷቸው ነበር። ሪፖርቱ መድኃኒቱ ገዳይ መሆኑን አላረጋገጠም፤ መድኃኒቱ የታዘዘላቸው ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉና የልብ ችግር ያለባቸው ነበሩና። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው እንዲጠናከር ምክንያት ሆነ። ዛሬ የጸናው ደንብ ሲልደናፊል ወይም ቫርደናፊል ከተወሰደ በኋላ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከተወሰደ 48 ሰዓት ሳይሞላ ናይትሬት እንዳይሰጥ ነው። ናይትሬት ዘወትር ለሚወስድ ሰው አራቱም የተከለከሉ ናቸው።

በዚህ ምክንያት በድንገተኛ ክፍል የደረት ሕመም ይዞት ለመጣ ወንድ ከምላሱ ሥር ናይትሬት ከማስቀመጥ በፊት አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ግዴታ ሆኗል። ጥያቄዋም በሚስት፣ በልጅ ወይም በጎረቤት ፊት የምትጠየቅ መሆን የለባትም፤ በዚያ ሁኔታ እውነተኛ መልስ አይገኝምና።

ሌሎችም ጥንቃቄዎች አሉ። ለፕሮስቴት የሚሰጡ አልፋ አጋጆች ግፊትን ሊያወርዱ ስለሚችሉ በአነስተኛ መጠን መጀመር ይገባል። ሪቶናቪር ሲልደናፊልን የሚያስወግደውን የጉበት ኤንዛይም አጥብቆ ስለሚያግድ፣ አብረው ሲወሰዱ የሲልደናፊል መጠን በ48 ሰዓት ውስጥ ከ25 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። በኢትዮጵያ ለሁለተኛ ደረጃ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ከዋሉት መድኃኒቶች መካከል ሪቶናቪር ያለባቸው ስለሚገኙ ነጥቡ ለመድኃኒት ባለሙያው የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ቀዳሚው ምልክት

በ2003 ሞንቶርሲና ባልደረቦቻቸው በጣሊያን በደረት ሕመም ምክንያት ተመርምረው የልብ ደም ሥር ጥበት የተረጋገጠባቸውን 300 ወንዶች ጠየቁ። ከእነርሱ 49 በመቶው ስንፈተ ወሲብ ነበረባቸው፤ ከነዚህም 67 በመቶ በሚሆኑት ላይ ችግሩ የልብ ምልክት ከመታየቱ በፊት የጀመረ ሲሆን አማካይ ርቀቱ 39 ወራት ያህል ነበር። በ2005 የታተመ ሌላ ሰፊ ጥናት በ55 ዓመትና ከዚያ በላይ ባሉ ወንዶች ላይ የስንፈተ ወሲብ መከሠት የሚያመለክተው የልብ አደጋ ትንባሆ ከማጨስ ወይም በቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም ከመኖሩ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ገለጸ። አንዱ ማብራሪያ ቀላል ነው። የብልት ደም ሥር ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ የልብ ደም ሥር ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው፤ አንድ ዓይነት ጥበት በጠባቡ ላይ ቀድሞ ይታወቃል።

ሦስት ዓመት ማለት ግፊትን ለመለካት፣ ስኳርንና የደም ቅባትን ለመመርመር፣ ትንባሆን ለማስተው በቂ ጊዜ ነው። ክኒኑን ያለ ጥያቄ ተቀብሎ የሄደ ሰው ይህን ጊዜ ያጣል።

ከሐኪም ዓይን የራቀ ገበያ

በስውር መግዛት ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። በ2008 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት በሲንጋፖር የስኳር ሕመም የሌለባቸው 150 ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ 7ቱ ከሰመመን አልነቁም፣ ከእነርሱም አራቱ ሞቱ። ምርመራው ሐሰተኛ የወሲብ ክኒኖችና «ባህላዊ» የተባሉ ዝግጅቶች ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት እንደተቀላቀለባቸው አሳየ። ምክንያቱ የማይታወቅ የስኳር መውረድ ያጋጠመው ወንድ ሲመጣ ይህን ማስታወስ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ማጠቃለያ

የሲልደናፊል የባለቤትነት መብት በብዙ የአውሮፓ አገሮች በ2013 ካበቃ፣ በአሜሪካም ሌሎች አምራቾች በ2017 መጨረሻ ከገቡ ወዲህ ዋጋው ረክሷል፤ በእንግሊዝ አገር ከ2018 ጀምሮ በፋርማሲስት ጥያቄ መሠረት ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። መድኃኒቱ ለታካሚው እየቀረበ በሄደ ቁጥር ግን ጠያቂው ባለሙያ እየራቀ እንዳይሄድ ያሰጋል።

«የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ታካሚው በምን ያህል ጊዜ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋርና በምን ዋጋ ሊወስደው እንደሚችል ከታወቀ በኋላ አስቸጋሪ አይደለም። ሊዘነጋ የሚችለው ቀዳሚው ጥያቄ ነው። ማዘዣ የሚጽፈው ሐኪምም ሆነ ክኒኑን የሚያስረክበው ፋርማሲስት ስለ ልቡ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ስኳሩና ስለሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ዝግ ባለ ቦታና በአክብሮት የጠየቀው ሰው፣ ምናልባት ለሌላ ነገር ብሎ መጥቶ ሕይወቱን ይዞ ሊመለስ ይችላል።